የዱስ ስም በስድስት ቁጥር

በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ዱስ የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ስሟ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ዱ እና ስ። ይህን ስም አንድ የመመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ጽፈው ሲያስቀምጡት ግን አንዳንዴ ተመልሶ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ፣ ቀስት የመሰለ ቅንፍ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንድ ላይ፣ እንደገና ያችው ኤ፣ ባርኔጣ የመሰለች ምልክት፣ መጨረሻ ላይ አንድ የግሪክ ፊደል።

ይህን ያየ ሰው «ሲስተሙ አማርኛ አይችልም» ብሎ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል። ነገሩ ግን የችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ የስምምነት ጉዳይ ነው። ታሪኩም ከኮምፒውተር ይቀድማል።

የግዕዝ ፊደል ለማሽን እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ኋላም የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ቀድሞ የሚነሳበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መጣ። የመኪናው ቁልፎች ለፊደሉ ስለማይበቁ መሠረቱና ቅጥያው ለየብቻ እየተመታ ይገጣጠም ነበር። ፊደሉ ጠባብ ቤት ውስጥ ተጣጥፎ መኖርን የለመደው ያኔ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቤቱ ይበልጥ ጠበበ። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መሰጠት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ የተባለው ሰንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የተሠራውም ለእንግሊዝኛ ነው። በኋላ ቦታው ወደ 256 ቢሰፋም ትርፉን የአውሮፓ ፊደላት ያዙት። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ እና ቋ፣ እነ ፩ እና ፪፣ ሥርዓተ ነጥቦቹም ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ ፍሥሐ አጥላው እና ዶክተር አበራ ሞላ ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ደከሙ። በአገር ቤት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ቢሮውን ሁሉ ሞሉት። የዘመኑ ብልሃት የእንግሊዝኛውን ቁጥር የግዕዝ ልብስ ማልበስ ነበር። ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን የአማርኛ ፊደል አድርጎ ያሳያል። ያለዚህ ብልሃት የዚያ ዘመን ደብዳቤና ጋዜጣ በአማርኛ ባልወጣ ነበር። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ድርጅት በየራሱ መንገድ አለበሰው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቃል፤ የሚቀረው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው።

መፍትሔው የመጣው ዓለም በአንድ ሰንጠረዥ ሲስማማ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀመር ግዕዝ አልነበረበትም። በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 ግን 345 የግዕዝ ምልክቶች ገቡ። ከዚያ ወዲህ ዱ 4849 ነው፣ ስ 4661 ነው፤ ጂንካም ቶኪዮም ያው ነው።

ታዲያ የዱስ ስም ዛሬም ለምን ይበላሻል? ቁጥሩ ሲቀመጥና ሲላክ በባይት ስለሚከፋፈል ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 ዱ 225፣ 139፣ 177 ይሆናል፤ ስ ደግሞ 225፣ 136፣ 181። ተቀባዩ «አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው» ብሎ በድሮው የአውሮፓ ሰንጠረዥ ካነበበ ሁለቱ ፊደሎች ስድስት ይሆናሉ። 225 በዚያ ሰንጠረዥ ያችው ጭረት ያለባት ኤ ናት። የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት ሁሉ በ225 ስለሚጀምሩ በተበላሸ ጽሑፍ ውስጥ ኤ የምትመላለሰው ለዚህ ነው።

እሷን ያየ ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ባይቶቹ አሉ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። የሚያስፈራው የጥያቄ ምልክት ነው። ዳታቤዙ ላቲን ብቻ የሚቀበል ሆኖ ፊደሉን ጥሎ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ካስቀመጠ ስሙ ጠፍቷል፤ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። ማይኤስኪውኤል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ዳታቤዝ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ካልተነገረው በቀር የሚጀምረው በላቲን ሰንጠረዥ ነበር። ስለዚህ ገጹም፣ ግንኙነቱም፣ ሠንጠረዡም ዩቲኤፍ-8 መሆናቸው ከመጀመሪያው መታወጅ አለበት። የቆየውን ለማስተካከል መጀመሪያ ቅጂ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ በአንድ ስም መሞከር ያስፈልጋል። ደህናውን ጽሑፍ ደግሞ መቀየር ሌላ ብልሽት ይወልዳልና።

ሰንጠረዡም ገና አልተዘጋም። ለባስኬቶ፣ ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ እንዲሁም ለጉሙዝ የሚያስፈልጉ 32 ፊደላት የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከአማርኛው በ11 ዓመት ዘግይተው። ለጉራጊኛ የተጨመሩት ደግሞ በ2021 ገቡ። እነዚህኞቹ አራት ባይት ይፈጃሉ፤ የማይኤስኪውኤል የድሮው «ዩቲኤፍ-8» ግን ከሦስት በላይ አይቀበልም። «ሰላም» ብሎ ጽፎ ሠርቷል ያለ ባለሙያ ጉራጌውን ደጅ አስቀርቶት ሊሆን ይችላል።

እንደ ሙርሲ ያሉ የደቡብ ኦሞ ቋንቋዎች አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚነገሩ ድምፆች አሏቸው። በግዕዝም ይጻፉ በላቲን ምርጫው የባለቤቶቹ ነው። ሲስተሙ ግን የመረጡትን መቀበል አለበት። ስም በመዝገብ ላይ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ባለስሙ ነገ ማንነቱን የሚያስረዳው በምን ነው?

አዲስ ሲስተም የሚረከብ መሥሪያ ቤት ከመፈረሙ በፊት አንድ ፈተና ይበቃዋል። የራሱን ወረዳ የመንደር ስሞች ይጻፍ፣ ያስቀምጥ፣ ዘግቶ ይክፈት። ዱስ ዱስ ሆና ካልተመለሰች ሥራው አላለቀም።