የጌዴኦ ማሳ፤ ቡናው፣ እንሰቱና መንግሥት

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጌዴኦ ማሳ ነው። ማሳውንስ እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንነግራችሁ በየዘመኑ የመጣው መንግሥት በዚያ ማሳ ላይ ምን እንዳደረገ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከባድ ቃል ሲገጥማችሁ ቆም በሉና ድገሙት።

አስቀድመን አገሩን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ዲላን ታገኛላችሁ። ከዲላ ወዲያ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ አሉ። በደጋው በኩል ደግሞ ቡሌ አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር። እስቲ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ስምንት መቶ አርባ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አራት። መሬቱ ግን ጠባብና ተራራማ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ሕዝብ ምን በልቶ ኖረ?

እንሰት በልቶ ነዋ! ጤፍና በቆሎ ዝናብ በቀረ ዓመት ይከዳሉ። እንሰት ግን በግንዱ ውኃ ይዞ ይቆያል። ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ከደረሰ በኋላ ግን በቸገረ ጊዜ ይነቀላል እንጂ የአጨዳ ወቅት አይጠበቅለትም። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ለሰው ነው፤ ቅጠሉ ለከብት፣ ቃጫው ለገመድ። ጥላው ደግሞ ለቡናው። ከሁሉ በላይ ዋንዛውና ብርብራው ቆመው ተዳፋቱን ከጎርፍ ይጠብቃሉ። ይህን የአስተራረስ ዘዴ ያወጣው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ገበሬው ራሱ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ያን ማሳ የተከሉት ሰዎች ግን ለረጅም ዘመን ባለቤቱ አልነበሩም። በንጉሡ ዘመን አካባቢው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። መሬቱ በቃላድ እየተለካ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተሰጠ። ገበሬው በአያቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ቡና በውጭ አገር ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ የባለ መሬቱ ዓይን ከቡናው ላይ አልነሣ አለ። ቡናውን የሚተክለው፣ የሚያርመውና የሚለቅመው አንዱ፤ ድርሻ የሚቀበለው ሌላው።

በ1952 ዓ.ም. ገበሬው እምቢ አለ። ሚችሌ በተባለው ቦታ ጦርና ጎራዴ ይዞ ጠመንጃ ከታጠቁት ጋር ገጠመ። ብዙ ሰው አለቀ። መንግሥትም ከባለ መሬቶቹ ጎን ቆመ። ስለ ጌዴኦ ምግብ ሲወራ ሚችሌን መዝለል አይገባም ብለን እናምናለን። የዚያ ቀን ጠቡ የምርት ድርሻ ነበርና። የምርት ድርሻ ማለት ደግሞ ለልጅ የሚቀርበው ምግብ ማለት ነው።

ከዚያ 15 ዓመት አለፈ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው ትልቁ መሬት 10 ሄክታር ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው፤ ስለዚህ 10 ሄክታር የጋሻ ሩብ ይሆናል። በጌዴኦ ግን 10 ሄክታር ቀርቶ ሁለት ሄክታር ያለው ገበሬም ሀብታም ነው። ስለዚህ አዋጁ ለጌዴኦ ገበሬ አዲስ መሬት አላመጣለትም። ያመጣለት ሌላ ነገር ነው፤ ከቡናው ላይ የሚቆረጠው የባለ መሬት ድርሻ ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት በተጀመረው የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻም ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ሆነ።

ነገር ግን መንግሥት በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ወሰደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። እህል የሚገዛበትን ዋጋ መንግሥት ቆረጠ። እህል የጫነ ነጋዴ በየኬላው ይያዝ ነበር። ቡናውንም የሚገዛው በአመዛኙ የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ዋጋውም ቡናው ውጭ አገር ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው። እስቲ ነገሩን አያይዙት። ቡና ሸጦ በቆሎ የሚገዛ ሰው ቡናውን በርካሽ ቢሸጥ፣ በቆሎውም ኬላ ላይ ቢያዝ ምን ይበላል? ወደ እንሰቱ ይመለሳል እንጂ ሌላ ምን አለው! የእህል ንግዱ የተለቀቀው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ገበያው ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ዋጋው የሚወሰነው በሩቅ አገር ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። ያን ጊዜ፣ በ1994 ዓ.ም.፣ የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። ዩኒየን ማለት የማኅበሮች ማኅበር ነው። አባላቱ ቡናቸውን በአንድነት ለውጭ ገዢ በቀጥታ ይሸጣሉ። በመካከል የሚገባው እጅ ይቀንሳል።

ለቡናው ማጠቢያ ጣቢያም፣ ባለሙያም፣ መንገድም መጣለት። ለእንሰቱስ? እንሰት ዶላር ስለማያመጣ ለብዙ ዘመን የመንግሥት ልጅ አልሆነም። አጠውልግ የሚባለው በሽታ በአገራችን በሳይንስ መጽሔት ከተጻፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘለትም። በአረካ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ሲፈልጉ ቆይተዋል። በሽታው ከታመመው እንሰት ወደ ጤነኛው በቢላዋና በመፋቂያ ይተላለፋል። ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ለከብትም አትስጡት።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ስምንት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። እንሰት ተሸክሞ የሚሸሽ የለም። ማሳ የነበረው ሰው የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። ከተመለሰም በኋላ ቢሆን የተቆረጠውን እንሰት ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከላይ አንብባችኋል።

አሁን ጌዴኦ ያለው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። ክልሉ ከሚያስፋፋቸው ሥራዎች አንዱ 30-40-30 የሚባለው የፍራፍሬ ልማት ነው። አንድ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት 30፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 30 ችግኝ ይተክላል። ደምሩት፤ 100 ይሆናል። አቮካዶው ይበላል፣ ይሸጣልም፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቦታውን ግን እንደ ችግኙ ማንም አያድልም። የልማት ሠራተኛው ቤታችሁ ሲመጣ አብራችሁት ማሳውን ዙሩና ችግኙ በድንበሩ ላይ ይተከል እንደሆነ ወይም እንሰቱ ተነቅሎ እንደሆነ ጠይቁት።