ዓይን አፋርነትና መጻሕፍቱ

ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር፣ ለመወዳጀትና ለመፋቀር መጽሐፍ ማንበብ ያስፈለገው በቅርብ ዘመን ነው። ወጣቱ በተወለደበት መንደር አድጎ በዚያው በሚያረጅበት ጊዜ ማንነቱን የሚመሰክሩለት ዘመድና ጎረቤት ነበሩት፤ የትዳር ጓደኛውንም ወላጆቹ ያጩለት፣ ሽማግሌዎች ይጠይቁለት ነበር። ፋብሪካው፣ ባቡሩና ትምህርት ቤቱ የገጠሩን ልጅ ወደ ከተማ በሳቡት ጊዜ ግን ማንም የማያውቀው፣ እርሱም ማንንም የማያውቅ ሆነ። ራሱን በራሱ አንደበት ማስተዋወቅ ግድ ሆነበት። ለዚህ አዲስ ጭንቅ መልስ አለን የሚሉ መጻሕፍት ከ160 ዓመታት በላይ ሲጻፉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ መልሳቸው አንድ አይደለም። አንደኛው ወገን ወጣቱን እንዴት እንደሚወደድ ያስተምረዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዴት እንደሚወድ ያስተምረዋል። ለወጣት መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር ይህን ልዩነት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ከቀደምቶቹ አንዱ ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ነው። ስማይልስ ሊድስ በተባለችው የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተማ፣ በምሽት እየተሰበሰቡ እርስ በርስ ይማማሩ ለነበሩ ወጣት ሠራተኞች ያደረገውን ንግግር አስፋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 «ራስን መርዳት» በሚል ርዕስ አሳተመ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የመጽሐፉ ጀግኖች የእጅ ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶችና የፈጠራ ሰዎች ሲሆኑ፣ ምክሩ ትጋት፣ ቁጠባና ጽናት ነው። ስለ ፈገግታና ስለ አነጋገር ለዛ እምብዛም አይጨነቅም። በስማይልስ ዓይን የሰው ዋጋው ጠባዩ ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ሚዛኑ ተለወጠ። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዋረን ሰስማን እንዳመለከተው፣ ቀደም ሲል ስለ «ጠባይ» ይናገሩ የነበሩት የምክር መጻሕፍት በዚህ ዘመን ስለ «ሰብእና» መናገር ጀመሩ። ጠባይ ሰው ብቻውን በሚሆንበት ጊዜ ጭምር የሚታመንበት ነገር ሲሆን፣ ሰብእና ግን በሌሎች ፊት የሚታይና የሚማርክ ነው። በጽሕፈት ቤትና በሱቅ የሚሠራው ሕዝብ እየበዛ በሄደ ቁጥር፣ ፈገግታና ለዛ ራሳቸው እንጀራ የሚያስገኙ ሙያዎች ሆኑ።

የዚህ ዘመን ታላቅ መምህር ዴል ካርኔጊ ነው። በ1888 ሚዙሪ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ካርኔጊ፣ በ1912 በኒው ዮርክ ወወክማ የማታ የንግግር ትምህርት መስጠት ጀመረ። በመጀመሪያው ምሽት ያዘጋጀው ትምህርት ቢያልቅበት፣ ተማሪዎቹ እየተነሡ ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረገ። በዚህም ሰው በሚያውቀውና በሚሰማው ጉዳይ ሲናገር ፍርሃቱ እንደሚለቀው ተገነዘበ። በ1936፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች፣ ወዳጅ ስለ ማፍራትና በሰዎች ዘንድ ተደማጭ ስለ መሆን የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ30 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። ምክሩ ቀላል ነው፦ የሰውን ስም አስታውስ፤ ከመናገር ይልቅ አድምጥ፤ በክርክር ለመርታት አትሻ፤ ለሌላው ሰው ከልብ አስብ። ካርኔጊ ይህ ሁሉ ከልብ መሆን እንዳለበት ደጋግሞ ቢያሳስብም፣ ምሳሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቁት በተሸጠ ዕቃ ወይም በተገኘ ሹመት ነው። እዚህ ላይ አንባቢው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይነሣል፤ ከልብ ማሰብ ለትርፍ ሲባል የሚደረግ ከሆነ፣ ከልብ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?

ካርኔጊ በመጽሐፉ ውስጥ ከቪየናው ሐኪም ከአልፍሬድ አድለር ጠቅሷል። የአድለር መንገድ ግን ሌላ ነው። በ1870 የተወለደው አድለር በልጅነቱ በአጥንት ልፍስፍስነት በሽታ የተሠቃየ፣ ከሌሎች ልጆች እኩል መሮጥ የተሳነው ነበር። በ1911 ከሲግመንድ ፍሮይድ ተለይቶ፣ የበታችነት ስሜት የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚቀርጽ መመርመሩን ቀጠለ። ትምህርቱንም በሐኪሞች ጉባኤ ብቻ ሳይወስን፣ በቪየና ሕዝባዊ ትምህርት ቤት ለተራው ሰው አስተማረ፤ በ1927 የሰውን ተፈጥሮ ስለ መረዳት ያሳተመው መጽሐፍ የተገኘው ከዚሁ ንግግሩ ነው። እንደ አድለር አመለካከት ሕይወት ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ታቀርብለታለች፤ እነርሱም ሥራ፣ ወዳጅነትና ፍቅር ናቸው። ሦስቱንም የሚመልሰው ለሌላው ሰው የማሰብ ችሎታው ነው። ዓይን አፋሩ የሚቸገረው የሚያንስ ሆኖ ሳይሆን፣ ዓይኑን ከራሱ ላይ ማንሣት ስላቃተው ነው።

ይህን ሐሳብ ወደ ፍቅር ያደረሰው ኤሪክ ፍሮም ነው። በ1900 በጀርመን፣ በፍራንክፈርት ተወልዶ በ1934 ወደ አሜሪካ የተሰደደው ፍሮም በ1956 «የማፍቀር ጥበብ»ን ጻፈ። ብዙ ሰው የፍቅርን ችግር «እንዴት ልወደድ?» ከሚለው ጥያቄ ለይቶ አያየውም ይላል። በገበያ ሕግ የሚተዳደር ኅብረተሰብ ውስጥ ወጣቶች ራሳቸውን እንደ ሸቀጥ አስጊጠው፣ ዋጋቸው የሚፈቅድላቸውን ይሸምታሉ። ለፍሮም ፍቅር እንደ ሙዚቃ ወይም እንደ አናጢነት የሚለመድ ሙያ ነው። ዲሲፕሊን፣ የሐሳብ መሰብሰብና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምሰሶዎቹም እንክብካቤ፣ ኃላፊነት፣ አክብሮትና ሌላውን ማወቅ ናቸው።

ይሁንና ዓላማን ማወቅ ብቻውን የተንቀጠቀጠን ጉልበት አያጸናም። በዚህ በኩል ባለውለታው አልበርት ኤሊስ ነው። ከሴት ጋር መነጋገር ያስፈራው የነበረው ኤሊስ በ19 ዓመቱ ወደ ብሮንክስ የዕፅዋት መናፈሻ እየሄደ፣ ለብቻዋ የተቀመጠችን ሴት ሁሉ ለማነጋገር ወሰነ። እርሱ እንደ ተረከው ከ130ዎቹ 30ዎቹ ወዲያው ተነሥተው ሄዱ፤ 100ዎቹን አነጋገረ፤ አንዷ ብቻ ቀጠሮ ሰጠችው፤ እርስዋም ቀረች። ነገር ግን ማንም አልሰደበውም፤ ፍርሃቱም ለቀቀው። ጉዳቱን የሚያደርሰው እንቢታው ሳይሆን፣ ሰው ለእንቢታው የሚሰጠው ትርጉም መሆኑን ተገነዘበ። በ1961 ከሮበርት ሃርፐር ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ይኸው ሐሳብ በሰፊው ተብራርቷል። ታሪኩ አንድ ጉድለት አለው፤ 130ዎቹ ሴቶች የሚታዩበት እንደ ቁጥር ነው። ምን እንደ ተሰማቸው አይነገርም። በ2005 የወጣውን የኒል ስትራውስን «ጨዋታው»ን የመሰሉ፣ ሴትን በስልት ስለ ማጥመድ የሚተርኩ መጻሕፍት ገበያ ባገኙ ጊዜ ይህ ጉድለት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ታይቷል።

የስታንፎርዱ ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1977 ያወጣው የዓይን አፋርነት ጥናት ጉዳዩን ከግለሰብ ጓዳ አውጥቶ ወደ ኅብረተሰብ አደባባይ አመጣው። ከተጠየቁት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ዓይን አፋሮች ነን አሉ። በጃፓን ልጅ ሲሳካለት ምስጋናው ለወላጅና ለመምህር፣ ሳይሳካለት ግን ነቀፋው ለራሱ እንደሚሆን፣ በእስራኤል ደግሞ መሞከሩ ብቻ እንደሚያስመሰግነው ዚምባርዶ ገልጿል። ዓይን አፋርነት በጃፓን በዝቶ፣ በእስራኤል አንሶ መገኘቱን ከዚህ ጋር ያያይዘዋል። በአማርኛ «ዓይን አፋር» መባል ነቀፋ ብቻ አይደለም፤ ጨዋነትም አለበት። ሊታከም የሚገባው ጨዋነቱ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ልጅ እጁን እንዳያነሣ፣ የወደደውን እንዳይናገር የሚያስረው ፍርሃት ነው።

እንግዲህ መድፈር ላቃተው ኤሊስ፣ ማድመጥ ላቃተው ካርኔጊ ይጠቅሙታል። አድለርና ፍሮም ግን ለሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ድፍረቱም ማድመጡም ለምን እንደሆነ የሚነግሩት እነርሱ ናቸውና። በዚህ ርዕስ የሚጻፍ ማንኛውም መጽሐፍ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከአንባቢው ፊት ለፊት የቆመው ሌላው ሰው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየው እንደ ሰው ነው ወይስ እንደ ገዢ? እንደ ገዢ የሚያሳየው መጽሐፍ አንደበትን ሊያሰላ ይችላል፤ ብቸኝነትን ግን አያርቅም።