የደመወዝ ጣሪያ

የደመወዝ ጣሪያ ማለት ከዚህ በላይ አይከፈልም ተብሎ የተቆረጠ ወሰን ነው። ፍትሐዊነቱ ግን ወሰኑ በማን ላይ እንደተጣለ ይለያያል። በ2011 ዓ.ም ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ይህ በግለሰቡ ላይ የተጣለ ጣሪያ ነው። በአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ ጣሪያው የክለቡ ነው፤ ለሁሉም ክለብ አንድ ጠቅላላ መጠን ይወሰናል፣ ለማን ስንት እንደሚከፍል ክለቡ ያከፋፍላል። ሜልበርን ስቶርም የተባለው ክለብ በድብቅ አስበልጦ ሲከፍል በመገኘቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የ2007ን እና የ2009ን ዋንጫዎቹን ተነጥቋል።

ልጓም ማስፈለጉን አልክድም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ደብረ ብርሃንን በመሰለ በፍጥነት የሚያድግ ከተማ ለተጫዋች የሚወጣው ብር ከውኃና ከመንገድ ጋር ይሻማል። ሆኖም ከአንኮበር ተነሥቶ ትልቁ ሊግ የደረሰ ልጅ በእግሩ የሚያድርበት ዘመን ከአሥር ዓመት ብዙም አይዘልም። ደምና ወዝ አጣምረው ደመወዝ ባሉት ነገር ላይ የዚያን ልጅ ድርሻ ብቻ መቁረጥ ግፍ ነው። ክለቡንም ቢሆን ከማባከን አያግደውም፤ ብዙ ተጫዋች ማስፈረምም ሆነ ከውል ውጭ መክፈል ይችላልና።

እኔ የምደግፈው በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ የሚጣለውንና ሒሳቡ በገለልተኛ ኦዲተር የሚመረመረውን ጣሪያ ነው። ከጣሪያው ጎንም የደመወዝ ወለል ይደንገግ፤ ለወራት ሳይከፈላቸው የሚጫወቱ ልጆች አሉ።