የባለ እጅ ክብር፦ እሴትና ማኅበራዊ ደንብ በአንድ አዋጅ ታሪክ

በ1900 ዓ.ም. ጥር ወር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አንድ አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ ጉዳይ ግብርም ዘመቻም አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ጽሕፈት የሚያውቀውን ጠንቋይ እያለ የሚያዋርድ ሰው ከዚያ ወዲያ ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር፣ ይህንንም ተላልፎ የተገኘ አንድ ዓመት እንደሚታሰር አዋጁ ገለጸ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ስለ ሆነ በሥራው ምክንያት የሚናቅ ሊኖር አይገባም የሚል ነበር መሠረተ ሐሳቡ።

አንድ መንግሥት ስድብን በእስራት ለመቅጣት የሚገደደው ስድቡ ተራ የአፍ ወለምታ ሳይሆን ሥር የሰደደ ሥርዓት ሲሆን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ኅብረተሰብ ሥራውን እየፈለገ፣ በሥራውም ውጤት እየኖረ፣ ሠራተኛውን ሊንቅ የቻለው እንዴት ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጠሩትን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም እሴትንና ማኅበራዊ ደንብን፣ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

እሴት ማለት አንድ ኅብረተሰብ መልካም፣ ተገቢና የሚፈለግ ነው ብሎ የሚያምንበት ነገር ነው። ማኅበራዊ ደንብ ደግሞ በአንድ በተወሰነ ሁኔታ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስን፣ በጽሑፍ ያልሰፈረ ትእዛዝ ነው። እሴት ይመዝናል፤ ደንብ ያዛል። እሴት በምርቃትና በምክር ይነገራል፤ ደንብ ግን በማዕድ፣ በጋብቻና በቀብር ላይ በተግባር ይታያል። ደንብን የጣሰ ሰው ዳኛ ፊት ባይቀርብም ቅጣት አያጣም፤ ሐሜት፣ መሳቂያ መሆንና መገለል ይጠብቁታል። በተለመደው አነጋገር ደንብ የእሴት የዕለት ተዕለት መግለጫ ነው። ለምሳሌ ሽማግሌን ማክበር እሴት ሲሆን፣ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት ደግሞ ደንብ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሁልጊዜ እንደዚህ ተስማምተው አይኖሩም። አንዳንድ ጊዜ ደንቡ የሚያገለግለው በአንደበት የሚነገረውን እሴት ሳይሆን ሌላ፣ በአንደበት የማይነገር እሴት ይሆናል። የባለ እጅ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ፣ ወታደሩ ያለ ጦር፣ እመቤቲቱ ያለ ምጣድና ያለ ድስት፣ ካህኑም ብራና ሳይፋቅለት ምንም ሊሠሩ አይችሉም ነበር። ሆኖም በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ቡዳ ናቸው ተብለው ይፈሩ ነበር። ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣሉ፣ ዓይናቸው ሰውን ይበላል ይባልም ነበር። እንጀራው በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ተጋግሮ ሲቀርብ እርስዋ ግን ከማዕዱ አትጠራም። ማረሻውን የሳለው ሰው ልጁን ለገበሬው ልጅ ሊድር አይችልም። «ባለ እጅ» የሚለው ስም ራሱ ከምስጋና ይልቅ ወደ ነቀፌታ ያደላ ነበር።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት መሬትን መመልከት ይበቃል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሙሉ ሰው ተብሎ የሚቆጠረው ርስት ያለው፣ በሬ የሚጠምድና መሣሪያ የሚታጠቅ ሰው ነበር። ቤተ እስራኤላውያን በአብዛኛው ከርስት ባለቤትነት ርቀው በቀጥቃጭነት፣ በሸማኔነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በደቡብም በጉራጌ አገር ፉጋ ተብለው የሚጠሩት የእንጨት ሠራተኞች የእንሰት መሬት ሳይኖራቸው የሌላውን ቤት ምሰሶ ያቆሙ ነበር። የቤት ሁሉ ክብደት የሚያርፍበትን ምሰሶ የሚያቆመው ሰው ቤት የሚሠራበት የራሱ መሬት የሌለው መሆኑ፣ ለመሐንዲስ አንባቢ ብዙ የሚናገር ነው። እንግዲህ በአንደበት የሚነገረው እሴት «ሥራ ክቡር ነው» ቢሆንም፣ ደንቡ ይጠብቀው የነበረው ሌላ እሴት፣ ማለትም የርስት ክብር ነበር። ቡዳ የሚለው ፍርሃት ጋብቻን ከለከለ፤ የጋብቻ መከልከል ውርስን አጠረ፤ ርስት የሌለውም ከዚያው ከተናቀ ሙያው ጋር ታስሮ ቀረ።

ይህን ደንብ ለመጣስ ከነገሥታት መካከል የመጀመሪያውን ታላቅ ሙከራ ያደረጉት ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ለስብከት የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ በዚያ ተሠርቶ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ማንሣቱ በዘመኑ ደንብ የማይገመት ነገር ነበር። ዳሩ ግን አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የጋፋቱ ሥራም አብሮ ተቋረጠ። መድፉ በቦታው ቀረ፤ ቀጥቃጩም ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ደንቡ በአንድ ሰው ፈቃድ ተጥሶ ነበር እንጂ አልተለወጠም ነበር።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1870ዎቹ መግቢያ ላይ ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በግንባታና በምድር ባቡር ውል ሥራ ከፍ ያለ አገልግሎት አበርክቶ፣ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ለመሆን በቃ። ከባሕር ማዶ የመጣው ባለ ሙያ ከንጉሡ ዘንድ ማዕረግ ሲቀበል፣ የአገሩ ቀጥቃጭ ግን ጠይብ ተብሎ ይሰደብ ነበር። ይህም ደንቡ የናቀው ሙያውን ሳይሆን ሰውን መሆኑን ያሳያል። የ1900ው አዋጅ የወጣው እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው፤ ምድር ባቡር፣ ስልክና የግንብ ቤት የሚፈልግ መንግሥት ብረት የሚነካውን እጅ እያዋረደ መኖር እንደማይችል ንጉሠ ነገሥቱ ተገንዝበው ነበር።

አዋጁ እሴቱን በግልጽ ቋንቋ ተናገረ። ደንቡን ግን ወዲያውኑ አልለወጠም። ከአዋጁ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ዊሊያም ግራሃም ሰምነር ስለ ሕዝቦች ልማድ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልማድ በረዥም ጊዜ ውስጥ ሳይታወቅ እንደሚበቅልና በልማድ ላይ ያልተመሠረተ ሕግ ኃይሉ ደካማ እንደሚሆን አስረድቶ ነበር። የሰምነር አስተያየት ከፊል እውነት አለው። አዋጁ ምላስን ሊቀጣ ይችላል፤ ልጁን ለሸማኔ ልጅ ያልዳረውን አባት ግን ሊያስር አይችልም። ደንቡ በምላስ ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ አዋጁ በበቃው ነበር፤ ደንቡ ግን በመሬት ላይ የቆመ ነበር።

ይህም በኋላ በተከታታይ በመጡት ለውጦች ታየ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት፣ በ1940ዎቹም አጋማሽ የምሕንድስና ኮሌጅ ሲከፈቱ፣ ብረትና እንጨት የመሥራት ዕውቀት ከዘር ወጥቶ በምስክር ወረቀት የሚገኝ ሙያ ሆነ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ ንቀቱ የተመሠረተበትን ምሰሶ ነቀነቀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ በአንቀጽ 25 አረጋገጠ። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ብዙ ለወጡ። ሆኖም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በጋብቻና በማዕድ የሚገለሉባቸው አካባቢዎች ዛሬም አልጠፉም። መሠረቱ ከተናወጠ በኋላም ደንብ ለጥቂት ትውልድ በራሱ ክብደት ቆሞ ይቆያል፤ የፈረሰ ቤት ግድግዳ ለጊዜው ቆሞ እንደሚታየው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምሕንድስና ሙያ የሚማረው አለው። መሐንዲሱ በትምህርት ማዕረግ ስለ ተከበረ ከቀጥቃጩ ዕጣ ያመለጠ ይመስላል። ነገር ግን በሥራ ቦታ ላይ የቀድሞው ደንብ አዲስ ልብስ ለብሶ ይገኛል። ሥዕሉን የሚነድፈው በቢሮ፣ ግንበኛው፣ አናጢውና ብረት አሳሪው በፀሐይ፤ በመካከላቸውም ከባድ ዝምታ አለ። የሙያው እሴት ደኅንነትና እውነት ነው፤ ይህንንም ሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገራል። የሥራ ቦታው ደንብ ግን «የተማረውን አትቃወም» የሚል ሲሆን፣ የቅርጽ እንጨቱ ድጋፍ መላላቱን ያየው የቀን ሠራተኛ ቃሉን ውጦ ይቀመጣል። ኮንክሪት ደግሞ በማን ዝምታ እንደ ተሞላ አይጠይቅም፤ ድጋፉ ከላላ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የስድብ አይሆንም፤ የሕይወት ነው።

ስለዚህ እሴትን በማኅበር ደንብ ውስጥ በጥሩ ቃል መጻፍ ብቻውን አይበቃም። እሴት እውነተኛ የሚሆነው ደንቡን የደገፈው ጥቅም ሲለወጥ ነው። ስሕተትን የጠቆመ ሠራተኛ ከመገሠጽ ይልቅ ሲመሰገን፣ የአናጢው አስተያየት በሥራ ስብሰባ ላይ ሲመዘገብ፣ በሕንፃው ምረቃ ላይ ከነዳፊው ስም ጋር የሠሪዎቹም ስም ሲነሣ፣ ያን ጊዜ አዲስ ልማድ ይበቅላል። የ1900ው አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የእስራት ቅጣቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ያነሣው ጥያቄ ግን እጅና አእምሮ በአንድ ሥራ ላይ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ መልስ ይጠብቃል።