የቤተ ክርስቲያን ግቢ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ስልካችሁ ላይ ጉግል ማፕ ክፈቱና ካርታውን ወደ ሳተላይት ቀይራችሁ ደቡብ ጎንደርን ፈልጉ። በብዛት የምታዩት ቡናማ የእርሻ መሬት ነው። መሃል መሃሉ ላይ ግን እንደ ነጥብ የተበተኑ አረንጓዴ ክቦች አሉ። አንዱን ቀረብ አድርጋችሁ እዩት፣ መሃሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ታገኛላችሁ። ዙሪያውን የከበበው ደን ደግሞ በአካባቢው ከተረፈው ጥቂት የተፈጥሮ ደን አንዱ ነው።

ዛሬ የምናወራው አንድ አጥቢያ ተፈጥሮን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ነው፣ በተለይ በኛ ከተሞች በወልቂጤና በቡታጅራ። ከጎንደር የጀመርነው ጉዳዩ በደንብ የተጠናው እዚያ ስለሆነ ነው።

ካጠኑት አንዱ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። "እመጓ"ን ያነበባችሁ በደራሲነታቸው ታውቋቸዋላችሁ፣ ሙያቸው ግን የደን ሥነ ምህዳር ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶች መዝግበዋል። ትንሹ ደን 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ ወደ 100 ሄክታር ነበር። ከ2 ሄክታር በታች ማለት ከሦስት የኳስ ሜዳ የማይበልጥ መሬት ነው።

እነዚህ ደኖች የቆዩት በዘመቻ ስለተተከሉ አይደለም። ሰው ስላልቆረጣቸው ነው። ቦታው የተቀደሰ ነው፣ ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው ተብሎ ይታመናል፣ ስለዚህ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ የለም። በ1938 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን ከ2015 እ.ኤ.አ. ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የደኖቹ ስፋት ብዙም እንዳልተቀየረ አይተዋል። የጠፋው ከደኑ ውጭ የነበረው ቁጥቋጦ ነው።

ስፋቱ ቆየ ማለት ግን ደኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ አፈሩን ይረግጣል። ያረጀው ዛፍ ይቆማል፣ የሚተካው ልጅ ግን የለም። ዶ/ር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከቀሳውስቱ ጋር ተመካክረው ያመጡት መፍትሔ ቀላል ነው፦ የድንጋይ አጥር። ገበሬው ማሳው ውስጥ የሚያስቸግረውን ድንጋይ ለቅሞ ያመጣል፣ አጥሩ ይካባል። ማሳው ይጸዳል፣ ከብቱ ውጭ ይቀራል፣ ችግኙ ያድጋል። ሲሚንቶ እንኳን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጉራጌ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ቡኢ አካባቢ፣ የምድረ ከብድ አቦ ገዳም አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በሥዕል ስታዩ ዙሪያቸውን አንበሳና ነብር አለ። ከአራዊት ጋር የኖሩ ጻድቅ ናቸው። በስማቸው ከሚታወቀው ሌላው ቦታ ከዝቋላ ብዙ የምንማረው አለ፦ በመጋቢት 2004 ዓ.ም የተራራው ደን በእሳት ሲያያዝ ከአዲስ አበባ ጭምር ወጣቶች ተነስተው እሳት ለማጥፋት ተራራ ወጥተዋል። አንድ ጥሪ ያን ያህል ሰው የሚያንቀሳቅስ ተቋም ብዙ አይደለም።

ጉራጌ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም የተከበረ መሬት ያውቃል። ጀፎረ አለን። በሁለት ረድፍ ቤቶች መሃል የሚዘረጋው ያ ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ የማንም የግል መሬት አይደለም፣ አይታረስም፣ የሚጠብቀውም በሽማግሌ የሚዳኘው ባህላዊ ሕግ ነው። ስለዚህ "የጋራ ቦታ ይከበር" የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ አይደለም።

ከተማ ውስጥ ግን ነገሩ ይከብዳል። የከተማ ደብር ሰፊ ደን የለውም። ሕንጻ ይሠራል፣ ግቢው ይነጠፋል፣ ዳር ዳሩ ላይ የሚከራይ ሱቅ ይወጣል። ገቢ ያስፈልጋል፣ ይሄን አንክድም፣ ካህኑም ደመወዝ ይፈልጋል። ግን አንድ የቆየ ወይራ ወይም ዝግባ ለሱቅ ቦታ ከተቆረጠ፣ የሚተካው በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው።

ባሕር ዛፍስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆጣናል። በጉራጌ ባሕር ዛፍ የቤተሰብ ባንክ ነው። ልጅ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ አጣና ይሸጣል። ቆርጠኸው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ደብሩም ቢተክል አይገርምም። ችግሩ ቦታው ላይ ነው፦ ውሃ በብዛት ይስባል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ብዙም አያበቅልም። እኛ ብንጠየቅ፣ ከምንጭና ከጠበል ቦታ ይራቅ፣ አገር በቀሉ ዛፍ መሃል አይግባ፣ ለገቢ የግድ ከሆነ ለብቻው ጥግ ይያዝ እንላለን። ለግቢው ውስጥ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ አለ። ብርብራ በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዛፉ ይልቅ ለከተሜው ቶሎ የሚታየው ጥቅም ግን ውሃ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም ወልቂጤ ላይ ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው ውሃ ሊጠይቁ ወጥተው ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቆ ነበር። ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ነው።

አሁን የደብራችሁን ጣሪያ እዩ። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 400 ካሬ ሜትር ቢሆንና በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳን 320 ሺህ ሊትር ይሆናል። በ20 ሊትር ጀሪካን 16 ሺህ ጀሪካን ማለት ነው! ሁሉንም ማጠራቀም አይቻልም፣ ማስቀመጫው ውድ ነው። ግን 10 ሺህ ሊትር የምትይዝ ሮቶ አንድ ሁለት ጠንካራ የክረምት ዝናብ ይሞላታል። አሸንዳ፣ ቱቦ፣ ሮቶ፣ አለቀ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ያጥባልና እሱ ይፍሰስ። የተጠራቀመው ውሃ ሳይታከም ለመጠጥ አይሆንም፣ ለችግኝ፣ ለጽዳትና ለመጸዳጃ ቤት ግን ይሆናል፣ የቧንቧውን ውሃም ለሌላው ያስተርፋል።

ሌላው የበዓል ቆሻሻ ነው። ከጥምቀት ማግስት የታቦት ማደሪያውን ሜዳ ያየ ያውቀዋል፦ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጧፍ ላስቲክ። መስቀል ላይ ደግሞ አገሩ የሚገባው ሰው ብዛት ይታወቃል። ክትፎን በኮባ ሲያቀርብ የኖረ ሕዝብ በላስቲክ ሳህን መብላት መጀመሩ እኛን ትንሽ ያሳፍረናል። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል፣ ስለዚህ ዐውደ ምሕረት ላይ "ፌስታል ይዛችሁ አትምጡ" ማለት አሁን የሕግ ድጋፍም አለው። ጠበል የሚቀዳበትን ጀሪካን ደጋግሞ መጠቀምም እዚያው ሊነገር ይችላል።

ይሄን ሁሉ የሚወስነው ማነው? በኦርቶዶክስ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤው ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ካህናትና ምእመናን ብቻ ሳይሆኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ተወካይ አላቸው። ማለትም ወጣቱ ወንበር አለው። ፌስቡክ ላይ "ዛፉን ቆረጡት" ብሎ ከመለጠፍ በፊት፣ ሳይቆረጥ በፊት ስብሰባው ላይ መጠየቅ ይቻላል። ካቶሊኮች ራሳቸውን የቻለ የእምድብር ሀገረ ስብከት አላቸው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ራሱን የቻለ መልእክት ጽፈዋል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ግቢና ጣሪያ አላቸው፣ መስጊዱም እንደዚያው። የጣሪያው ሒሳብ ሃይማኖት አይለይም።

ችግኝ ለመትከል ላሰባችሁ አንድ ነገር። ሐምሌ ላይ ተክሎ ፎቶ መነሳት ቀላሉ ክፍል ነው፣ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣው ሲጠፋ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት አንድ አንድ ዛፍ በስማቸው ወስደው ቢያንስ ሁለት በጋ ቢያጠጡ፣ ከፍየልም በእሾህ ቢያጥሩ ይሻላል። ጉድጓዱ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ይቆፈር።