ለጦርነት ተዳቅሎ ስደተኛ ያሻገረ ፈረስ

«እያሸነፍን ነው» የሚል መንግሥት ሕዝቡ ጓዙን ሲሸክፍ ማየት አይወድም። እንዲህ ያለው ውሸት ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል ከአንድ የፈረስ ዝርያ ታሪክ እንይ። (ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ዝርያው ትራኬነር ይባላል። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም አንደኛ በ1732 በምሥራቅ ፕሩሲያ፣ ትራኬነን በተባለ ስፍራ የፈረስ ማራቢያ አቋቋመ። የፈለገው ፈጣንና ረጅም መንገድ የማይበግረው የጦር ፈረስ ነበር። ትንሹ ግን ጠንካራው የአገሬው ፈረስ ከዓረብ ፈረስና ቶሮብሬድ ከሚባለው የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ፈረስ ጋር ተዳቀለ።

ውጤቱ ቀጠን ያለ፣ አንገተ ረጅም፣ ሲሶምሶም መሬት የሚነካ የማይመስል ፈረስ ሆነ። ቶሎ ይማራል፤ ስሜቱ ግን ስስ ስለሆነ በዱላ አይገራም። በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ክሮኖስና ኑርሚ የተባሉ የዚህ ዝርያ ፈረሶች ለጋላቢዎቻቸው ወርቅ አስገኙ።

ከዚያ ጦርነቱ ዞሮ ቤታቸው መጣ። በ1944 መገባደጃ የሶቪየት ጦር ድንበሩ ላይ ደርሶ ሳለ፣ የናዚው የግዛቱ አስተዳዳሪ ኤሪክ ኮህ ሕዝቡ እንዳይሸሽ ከለከለ። መሸሽ ሽንፈትን ማመን ነዋ! መንገዱ የተከፈተው በጥር 1945፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ወንዶቹ ግንባር ናቸው። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች እነዚያን የስፖርት ፈረሶች ጋሪ ላይ ጠምደው በረዶ በሆነው የቪስቱላ ሐይቅ ላይ ነጎዱ። አውሮፕላን ከላይ ይደበድባል፣ በረዶው ከታች ይሰነጠቃል። ብዙ ጋሪ ከነሰው ሰመጠ። ያረገዙ ባዝራዎች ሳይቀሩ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጎተቱ። ኮህ ግን በኋላ በመርከብ አመለጠ፤ ፖላንድ ውስጥ ሞት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ተቀይሮለት በ1986 እስር ቤት ሞተ።

ከብዙ ሺህዎቹ ፈረሶች ምዕራብ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። አርቢዎቹ በ1947 ማኅበር መሥርተው ዝርያውን ከእነዚያ ቅሪቶች እንደገና አነሱት። ዛሬም መዝገቡ ከራሱ ውጭ የሚቀበለው በዋናነት የዓረብና የቶሮብሬድ ደም ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የጀርመን ስፖርት ፈረሶች ግን ከሱ ቅለትንና ውበትን ይበደራሉ።

ትራኬነን ዛሬ ሩሲያ ውስጥ ነው። ንጉሡ የመሠረተው ማራቢያ የለም፤ ዝርያው ግን አለ። ያተረፈውም የመንግሥት ዕቅድ ሳይሆን ልጓሙን ያልለቀቀ ገበሬ ነው።