ከጨርቅ እስከ ፓምፐርስ



እድራችን የቆመው ወገን ሲሞት ለመቅበርና ሐዘንተኛ ለማጽናናት መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ የምናወራው ስለ ሞት ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ሳለን የአንዲት ወጣት እናት ሕፃን አላስቀምጥ ብሎ ሲያለቅስ ቢታይ መቀመጫው ቀልቶ ተልጧል። ትልልቆቹ እናቶች «የላስቲኩ ጣጣ ነው፤ እኛ እኮ በአሮጌ ነጠላ ነው ያሳደግን» አሉ። ወጣቶቹም «ጨርቅስ አይልጥም እንዴ?» ብለው ተከራከሩ። እናቲቱ ግን እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፍታ ቀረች። ይህ ስለ ቆጨን ታሪኩን ለማየት ተነሣን።

በአሜሪካ አገርም ቢሆን ቀድሞ የነበረው በመርፌ ቁልፍ የሚያዝ የጥጥ ጨርቅ ነው። በላዩ የሚደረበው የጎማ ሱሪ አልጋውን ከመርጠብ ቢያድንም ገላውን ያፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ማሪዮን ዶኖቫን የምትባል እናት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቀድዳ፣ በስፌት መኪናዋ የተሻለ መሸፈኛ ሰፋች። ሥራዋም በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። ቀጥላ ከወረቀት የሚሠራ፣ የሚጣል ዓይነት ብታስብ ፋብሪካዎቹ አልተቀበሏትም። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ፓምፐርስን ለገበያ ያወጣው በ1961 ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ሽንቱን መጥጦ እንደ አጥሚት የሚያረጋ ዱቄት ተጨመረበትና ገላው ከቀድሞው ይልቅ ደረቅ ሆኖ መቆየት ቻለ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ለብዙ ዘመን በሽንት አሞንያ ብቻ ይሳበብ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ነገሩ ከዚያ የሰፋ መሆኑን አሳየ። እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ መፋተግ ይልጠዋል፤ ሽንትና ዓይነ ምድር ሲቀላቀሉ ደግሞ በዓይነ ምድሩ ያሉት ኢንዛይሞች በርትተው ቆዳውን ይበሉታል።

እንግዲህ ጨርቅም ሆነ ፓምፐርስ ርሶ ከቆየ ይልጣል። ቶሎ መቀየር፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ገላውን ጥቂት አየር ማስመታት፣ ጨርቁንም ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ ነው። በጥቂት ቀን ካልሻረ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

ያቺን ልጅ ግን ይቅርታ ልንጠይቃት ይገባናል። የሚያስፈልጋት ወቀሳ ሳይሆን ጨርቅ የሚያጥብላትና ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያሳርፋት ሰው ነበር።

ቸር ይግጠመን።